የስሜነሽ ጉትቻ

ዲያቆን ፍቅረ ሥላሴ ጥንድ ጉትቻውን በሁለት ጣቱ ይዞ ከሕዝቡ በላይ ከፍ አደረገው።

«ወይዘሮ ስሜነሽ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ሲያርፉ ለኪዳነ ምሕረት የተናዘዙት ነው። ገንዘቡ ግቢያችን ውስጥ ላሉት ጧሪ የሌላቸው ሽማግሌዎች ቀለብ ይውላል። ሠላሳ ሺህ ብር። የሚጨምር?»

ቅዳሴ ወጥቶ የቢቸና ሰው ከጽዱ ዛፍ ሥር ቆሟል። ስሜነሽ ሚስቴ ነበረች።

«ሠላሳ አምስት» አለ ከሞጣ የመጣ ሐብታሙ የሚባል ነጋዴ። እጮኛው ከጎኑ ቆማለች።

«ሠላሳ ስድስት» አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ከኋላዬ አንዱ «አያ ቢሆነኝን ዛሬ ወርቅ አማራቸው» አለ። ሳቁ። እውነታቸውን ነው፤ ወርቅ የሚገዛ ሰው ባየሁ ቁጥር ስገሥጽ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ሐብታሙም ፈገግ አለ። «አባቴ፣ እኔስ ለሙሽራዬ ነው። እርስዎ በማን ጆሮ ሊያንጠለጥሉት ነው?»

«ጨምር» አልኩት።

ስሜነሽ ጉትቻውን የገዛችው ሞጣ ነው። በተጋባን በሦስተኛው ዓመት፣ ቅቤና እንቁላል ሸጣ ባጠራቀመችው። እኔ አንጥረኛው ደጅ ቆሜ ጠበቅኋት እንጂ አልገባሁም። ስንመለስ ከፊት ከፊቴ ትሄዳለች። ማንም ሳይጠራት ወደ ቀኝ ዞር፣ ወደ ግራ ዞር ትላለች። ጉትቻው እንዲወዛወዝላት መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ቤት ስንደርስ «ይህ ስንት የተራበ ባበላ» አልኳት። በማግስቱም አልኳት። አርባ ዓመት አልኳት። ኮቴዬን ስትሰማ ነጠላዋን ወደ ጆሮዋ ሳብ ማድረግ ለመደች።

«አርባ» አለ ሐብታሙ።

«አርባ አንድ።»

«አርባ ሁለት።»

ለማዳበሪያ የያዝኩት ብር ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። አርባ ሦስት ሺህ። ሌላ የለኝም።

«አርባ ሦስት» አልኩ።

ሐብታሙ አፉን ሲከፍት እጮኛው እጅጌውን ያዘችው። ጎረቤቴ ይርጋነሽ በጆሮዋ አንድ ነገር ስትነግራት አይቻለሁ። ልጅቱ ለእሱ አንሾካሾከችለት። አየኝ፤ ከዚያ መሬት መሬት አየ።

ዲያቆኑ ሦስት ጊዜ ጠራ። የጨመረ የለም። ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁት፤ ጉትቻውን ግን ቶሎ አልሰጠኝም። በእኛ ዘንድ ያሸነፈ ሽማግሌ ዕቃውን መልሶ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል፤ ከዚያ እንደገና ለጨረታ ይቀርባል። እኔም ሁልጊዜ ስመልስ ኖሬያለሁ። ሁለት ጃንጥላ፣ አንድ በግ።

«መልሰዋል ልበል፣ አያ?» አለ ዲያቆኑ። ሴቶቹ እልል ሊሉ ተዘጋጅተዋል።

መዳፌን ዘረጋሁለት።

«ምነው?» አለች ይርጋነሽ ጠጋ ብላ። «አንተን ደስ እንዲልህ ብላ እኮ ነው የሰጠችው። አጠገቧ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ» አልኳት። ወደ ዲያቆኑ ዞርኩ። «እወስደዋለሁ።»

እልልታ አልነበረም። ዲያቆኑ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን በእጄ ይዤው አላውቅም። እጄን ጨበጥኩ። ክብደቱ አልተሰማኝም፤ መኖሩን ለማየት መልሼ ከፈትኩ።