መለኪያው አይዋሽም

ትንሿን ሲፈንን አምቡላንስ ከትምህርት ቤቱ ይዟት ሲወጣ ደረቷ ገና ሲር ሲር ይል ነበር። ከአጥሩ ጀርባ ካለው ጠጠር መፍጫ የሚነሳው አቧራ ሜዳውን እንደ ጉም ሸፍኖታል። የስፖርት መምህርቷ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች።

«ጋሽ ወርቅነህ፣ የቀሩትን ልጆች ወደ ክፍል ላስገባቸው!»

ዳይሬክተሩ ላስቲኩ ካልተነሳለት አዲስ ወንበራቸው ሳይነሱ ጠረጴዛቸው ላይ ወዳለው የአየር መለኪያው ስክሪን ጠቆሙ። «አየሩ ንጹህ ነው ይላል። ስንት ደጅ ጠንተን ያመጣነው መለኪያ ይዋሻል?»

መምህርቷ ከቢሮው ወጣች። ደረጃውን በሩጫ ወጥታ ጣሪያው ላይ ደረሰች። የአየር መለኪያው በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልሎ በሲባጎ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። እጇን ሰደደች።

«ተይ፣ እንዳትነኪው!» አሉ ዳይሬክተሩ ከኋላዋ እያለከለኩ። «አቧራ እንዳይገባበት በገዛ እጄ ነው የሸፈንኩት።»