የማማው ንባብ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሞዴል ሠሪዋ ነገሩን የሰማችው ሐሙስ ጠዋት ከጽዳት ሠራተኛዋ ነበር።

«እትዬ፣ ዝምተኛው እኮ እርስዎን የሚቃወም ሪፖርት አስገባ አሉ» አለቻት፣ መወልወሏን ሳታቆም።

ዝምተኛው ከስምንት ዓመት በፊት ራሷ ቀጥራ ሥራውን ያስተማረችው ባልደረባዋ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት የደከመችው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ዓለም እየሞቀች ስትሄድ ደኑ ከአየር ካርቦን መሳቡን ይቀጥላል ወይስ ያቆማል? በኮምፒውተር የሠራችው የስሌት ሞዴሏ ይቀጥላል ይላል። ዝምተኛው ግን የሳተላይት ምስል አያይዞ፣ ደኑ እየደረቀ ነው፣ አሁን ከሚስበው የሚተፋው ይበልጣል ብሎ ሥራቸውን ለሚገመግመው ኮሚቴ ጽፏል። ኮሚቴው በሚቀጥለው ሐሙስ ይሰበሰባል። እሱን ካመነ የእሷ ልፋት ገደል ገባ።

«ለእኔ ሳትነግረኝ?» አለችው ቢሮው ገብታ።

«ሦስቴ ነገርኩሽ። ሳቅሽብኝ።»

«ወንበሬን ፈልገህ ነው!»

ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ። ያጎረሰ እጅ ሲነከስ ሕመሙ ከጣት አያልፍም የሚል ካለ፣ ሰው አጉርሶ አያውቅም ማለት ነው። አርብን ኮምፒውተሯን ሳትከፍት ስትብሰለሰል ዋለች።

ደግነቱ ምስክር አላት። ደኑ መሃል ካለው ማማ ላይ እየወጡ ካርቦኑን የሚለካውን መሣሪያ የሚያነቡ ሽማግሌ አሉ፤ አባባ ትላቸዋለች። አርብ አርብ ሞዴሉ የገመተውን ቁጥር ትልክላቸዋለች፤ ንባባቸው በጣም ከራቀ መሣሪያውን ደግመው እንዲያዩት ነው። ሰኞ ሰኞ ንባባቸው ይደርሳል። ጎርፍ ድልድዩን የወሰደ ሳምንት እንኳ አልቀረም። ቁጥሩም ከሞዴሏ ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። ከሳተላይት አባባ ይሻሉኛል ትል ነበር።

ሰኞ ማለዳ መኪናዋን አስነሥታ ወደ እሳቸው ሄደች። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈዋል። በጋ ነው አለች ለራሷ።

ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ከዘራቸውን ተደግፈው ሊነሡ ሲታገሉ፣ «በሞቴ አይነሡ!» ብላ አስቀመጠቻቸው። አጠገባቸው ተቀምጣም እንባዋ መጣ።

«ከዳኝ አባባ። በእጄ ያሳደግኩት ሰው ከዳኝ።»

«አይዞሽ ልጄ። እኔ እያለሁ ማን ይነካሻል?»

እንዲህ ያለ ቃል ከሰማች ቆይታለች። ልቧ መለስ አለ።

«መዝገቡን ይስጡኝ። ሐሙስ ፊታቸው ላይ እዘረጋዋለሁ።»

ከቤት አስመጥተው ሰጧት። የእጅ ጽሑፋቸው ያምራል፤ ስርዝ የለው፣ ድልዝ የለው፣ የዝናብ ጠብታ እንኳ አልነካውም። እያገላበጠች መጨረሻው ላይ ደረሰች።

«የዚህ ሳምንቱስ የታለ አባባ?»

«ኧረ ልጄ፣ አርብ ቁጥሩን ሳትልኪልኝ ከየት አምጥቼ ልጻፈው?»