የቬሎው ኮሌታ

«ወገቡ ከዚህ በላይ አይሰፋም» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ዓይኗን ከዚፑ ሳታነሳ።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ሃያ ዓመት በዚህች ጠባብ ሱቅ ስትሰፋ ለደንበኛ «አይሆንም» ብላ አታውቅም። ጨርቅ አሸነፈኝ ከምትል ሱቋን ዘግታ ብትሄድ ይቀላት ነበር። ግን ትናንት ቃል ገብታለች።

ትናንት ሙሽራዋ ብቻዋን መጥታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ እጇን ይዛ ለምናታለች። «እትዬ፣ ነገ ስታለብሺኝ ጠበበ፣ አይሆንም በይልኝ። አያቴ ሳልሞት በዚህ ቬሎ ልይሽ ትለኛለች። አልፈልገውም ብላት ልቧ ይሰበራል። ችግሩ የጨርቁ ከሆነ ግን ማንም ማንንም አይቀየምም።»

አያት የተዳሩበት፣ ኋላም እናት የለበሰችው ቬሎ ይኸው ዛሬ ሙሽራዋ ላይ ነው። ዚፑ ሊዘጋ አራት ጣት ያህል ሲቀረው ቀጥ ብሎ ቆሟል። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ሰፊዋን ያላባት፣ ገበሩ ውስጥ በግራም በቀኝም ታጥፎ የተቀመጠው ትርፍ ጨርቅ ነው። ቀድማ አይታዋለች፤ ግማሽ ቀን እንኳ የማይፈጅ ሥራ ነው።

«እንግዲህ ካልሆነ ምን ይደረጋል» አለች እናት ፈጠን ብላ። የተከፋች አትመስልም ነበር።

አያት ግን ከወንበራቸው ተነሱ። «እስቲ እኔ ልየው።»

መነጽራቸውን አጠለቁና በአውራ ጣታቸው ጎኑን ከብብት ጀምረው እስከ ወገብ ዳሰሱት። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል አንሶላና ጋውን የሰፋሁ ሰው ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ለእናቷ ያጠበብኩትም ራሴ ነኝ። ያኔ እንደ ሸንበቆ ቀጭን ነበረች። ትርፉን አልቆረጥኩም፤ አንድ ቀን ይፈለጋል ብዬ አጥፌ ሰፋሁት። ይኸው አለ።»

አያትየው የስፌት ሰው እንደነበሩ ማን ነግሯት ትወቅ? ሰፊዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ስሟ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ወይ ሥራ የማታውቅ፣ ወይ ውሸታም ሆኖ ሊቀር ነው። ቢሆንም የልጅቷን ምስጢር ማውጣት ደግሞ አላስችል አላት። ስፒሎቿን ከሳጥኑ አውጥታ መልሳ ከተተቻቸው።

«እኔ ነኝ አይሰፋም በይልኝ ያልኳት» አለች ሙሽራዋ። «እሷን እንዳትቀየሚያት፣ እማማዬ። አንቺን ንቄም አይደለም።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

የልጅቷ እጅ ሳታስበው ወደ ኮሌታው ሄደ። ኮሌታው እስከ ጆሮዋ ሥር የሚደርስ፣ እንደ ካርቶን የደረቀ ዳንቴል ነው፤ በስድስት ደቃቅ ቁልፎች ከኋላ ይቆለፋል። አያት ጎንበስ ብለው በጣታቸው ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ ቆዳዋ ቀልቶ ሽፍ ብሏል።

«ይበላሻል እንዴ?»

«ይበላኛል። ይወጋኛል። መተንፈስም ያቅተኛል። ቀኑን ሙሉ በዚህ አልውልም፣ እማማዬ፣ አልችልም።»

ሰፊዋ የአያትን ቁጣ ስትጠብቅ የሰማችው ሌላ ነገር ነው።

«እኔንም አንገቴን አላስዞር ብሎኝ» አሉ አያት፣ «ባሌን በቅጡ ያየሁት ማታ ሳወልቀው ነው።»

እናት ሳቋ አመለጣት። «እኔማ ቅባት ተለቅልቄ ነው የዋልኩት። ፎቶው ላይ አንገቴ ቀጥ ብሎ ሁሉም ኩሩ ነሽ የሚለኝ ለዚህ ነው፤ ኩራት አልነበረም።»

«ምነው ታዲያ ያን ጊዜ አልነገርሽኝም?»

«አንቺ የምትወጂው መስሎኝ ነዋ፣ እማዬ።»

«እኔ?» አያት መነጽራቸውን አወለቁ። «አማቴ ናት ያሰራችው። ሙሽራ ግራ ቀኝ መገላመጥ የለባትም ብላ። አንቺ ምንም ሳትይ ለበስሽው፤ ወደደችው ብዬ እኔም አልነካሁትም።»

ሦስቱ ተያዩ። ሃምሳ ዓመት አንዷ ለሌላዋ ስትል የተሸከመችውን ኮሌታ ለካ አንዳቸውም አይወዱትም። የሰፊዋ ትከሻ ከማለዳ ጀምሮ እንደ ተወጠረ ገና አሁን ታወቃት። እፎይ አለች።

«ምላጭ አለሽ?» አሏት አያት።

ሰጠቻቸው። አያት ሙሽራዋን ወንበር ላይ አስቀምጠው ከኋላዋ ቆሙና ስፌቱን አንድ በአንድ ይተረትሩት ጀመር። የመጨረሻው ክር ሲበጠስ ኮሌታውን አንስተው የስፌት መኪናው አጠገብ አኖሩት። እዚያም ሆኖ፣ ያለ አንገት፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ሙሽራዋ አንገቷን ወደ ግራ አዞረች። ወደ ቀኝ አዞረች። «እንዲህ ከሆነማ እለብሰዋለሁ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ወገቡስ?» አሉ አያት ወደ ሰፊዋ ዞር ብለው። ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ፈገግታ ነበረ። «አሁንም አይሰፋም?»

«ለነገ ጠዋት ይደርሳል፣ እማማ» አለች ሰፊዋ፣ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ።

ተንበርክካ ጎኑን በስፒል መያዝ ጀመረች። ቀና ስትል ሦስቱም መስታወቱ ውስጥ ታዩዋት። ከፊት ሙሽራዋ ትስቃለች፤ ከኋላዋ እናትና አያት፣ ሳይታወቃቸው፣ የየራሳቸውን አንገት ይዳብሳሉ።