የመጋቢት እንጉዳይ

ፈንታን የሰደበው የእህቱ ባል ይስማው ነው፤ አምና፣ ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ሦስት የማኅበር ሴቶች ተቀምጠው እየሰሙ። ፈንታ ለታመመችው እህቱ ለአይናዲስ ከዲማ ድረስ በጎመን ቅጠል ጠቅልሎ ያመጣውን እንጉዳይ ሲዘረጋ፣ የኮሌጅ አስተማሪው ይስማው በሁለት ጣቱ አንሥቶ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። «ካንሰር የሚያክመው ደግሞ ከአራተኛ ክፍል የተመለሰ ሰው ነው? ይሄን የጅብ ጥላ ይዘህ ሁለተኛ እንዳትመጣ» አለው። ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። የትኛዋ እንደሆነች ፈንታ እስከ ዛሬ አልረሳም።

ዛሬ መጋቢት ነው። ወደ ደብረ ማርቆስ ና ብሎ የላከበት ራሱ ይስማው ነው። ወንበር አቀረበለት፤ «አንተ» ማለቱንም ትቶ «እርስዎ» ይለው ጀመር። በሽታው ከአይናዲስ ጡት አልፎ ጉበቷ ገብቷል፤ ከአዲስ አበባም መልሰዋታል። ይስማው አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ከስልኩ ላይ አንድ ጥናት አነበበ። እንጉዳይ ውስጥ የሆነ ስኳር አለ አሉ፤ የሰውነትን ዘበኞች ቀስቅሶ ካንሰሩ እንዳይዛመት ያግዝ ይሆናል፤ ለጊዜው የተሞከረው ግን በአይጥ ነው።

«ስኳር ለበሽታው ቀለቡ ነው ብለህ ሻይዋን ባዶውን አይደል የምታጠጣት?» አለ ፈንታ።

«ይሄኛው ሌላ ነው፣ ጋሼ። አይጣፍጥም።»

«አይ የኔ ዕድል» አለች አይናዲስ ከአልጋዋ፣ «የተፈቀደልኝ ስኳርም የማይጣፍጥ ሆነ።»

ይስማው ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ያምናውን ይቅር ይበሉኝ። ያንን እንጉዳይ ነገ ያመጡልኛል?»

ፈንታ ቀና አለ። ከአምና ጀምሮ እያረሰም እየወቃም መልስ ሲስል ነው የከረመው፤ እንዲህ ያለውን ግን አላሰበውም። እንጉዳይ ነጎድጓድ ካላጓራ፣ ምድር ካልራሰ አይወጣም። ለሐምሌ ገና አራት ወር ይቀራል። ይህን እረኛ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር አስተማሪው አያውቅም። አንድ ቃል ቢናገር ይበቃዋል።

አይናዲስ ግን ዲማ ተወልዳ ያደገች ናት። ዐይኗን ከወንድሟ ላይ ሳትነቅል፣ ባሏ እንዳያያት አድርጋ፣ አጥንት ብቻ የቀረውን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አኖረች።

ፈንታ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተነሣ።

«ነገ ነው አይደል፣ ጋሼ? ጠዋት ልጠብቅዎት?» እያለ ይስማው እስከ አጥሩ በር ተከተለው።

ፈንታ የአጥሩን በር ከፍቶ ወጣ። ከመንገዱ አቧራው ይጨሳል፤ ሰማዩ ላይ እጅ የምታህል ደመና እንኳ የለችም።