ዝም ያለችው መስመር

የካንሰር ታካሚዎች የጨረር መጠን የሚሰላበት ክፍል ጠባብ ነው፤ ሁለት ወንበር፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ መስኮት። አንደኛው ወንበር ጡረታ ሊወጡ ስድስት ወር የቀራቸው የጋሼ ነው። በሌላው ላይ ባልደረቦቿ "ፈጣኗ" የሚሏት ወጣት ባለሙያ ትቀመጣለች። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ስህተት አልተገኘባትም፤ እሷም ይህን ለመናገር አትሰንፍም።

ጋሼ ጠዋት ጠዋት ከሁሉ በፊት አንዲት ትእዛዝ ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፋሉ፤ መጨረሻዋ ላይም ሴሚኮለን የምትባለውን ምልክት (;) ያስቀምጣሉ። ሴሚኮለን ካለ ማሽኑ ሥራውን ይሠራል እንጂ ውጤቱን ስክሪኑ ላይ አያወጣም።

"ጋሼ፣ ውጤቱን ለምን ይደብቁታል?" አለቻቸው አንድ ቀን።

"ስክሪኑ እንዳይጨናነቅ ነው፣ ልጄ። በኋላ ለብቻዬ አየዋለሁ።"

ማክሰኞ ዕለት የአንዲት እናትን ፋይል ስትከፍት ክው አለች። እሷ ያስገባችው መጠን ሌላ፣ ፋይሉ ላይ ያለው ሌላ። የሳምንቱን ሌሎች ፋይሎቿን አገላበጠች፤ የተለወጡ ሦስት ጨመሩ። የለወጠው ሰው ተመዝግቧል፦ ጋሼ።

ምሳ ላይ ለታላቅ እህቷ ደወለች።

"እኚህ ሰውዬ ሰው ሊፈጁ ነው!"

"ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?" አለቻት እህቷ።

ከሰዓት በኋላ ለክፍሉ ኃላፊ ነገረች፤ እሳቸውም ጋሼን አስጠሯቸው። እሷም ነበረች።

"ፋይሎቹን ለውጠዋል?"

"ለውጫለሁ።"

"ለምን?"

ጋሼ ፈጣኗን አየት አደረጓት። ከዚያ አቀረቀሩ።

"ይበጃል ብዬ ነው።"

"እንግዲያው ኮሚቴ እስኪያጣራ ቤትዎ ይቀመጡ።"

ጋሼ ነጩን ጋውናቸውን አጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"ልጄ፣ ያቺን ትእዛዝ ጠዋት ጠዋት አሂጃት። አደራ።"

'ዓይን ያወጣ ድፍረት!' አለች በሆዷ። ወዲያው አራቱን ፋይሎች ወደ ራሷ ቁጥር መለሰች። በማግስቱ አራቱም ታካሚዎች ተራ በተራ ገብተው ጨረራቸውን ወሰዱ። እናቲቱ ስትወጣ እጇን ይዛ መረቀቻት።

ዐርብ ጠዋት ኮሚቴው ማስረጃ ጠየቃት። ጋሼ የደበቁትን ላሳይ ብላ ትእዛዛቸውን ፊደል በፊደል ጻፈች፤ ሴሚኮለኑን ብቻ ተወችው።

ስክሪኑ ላይ ስልሳ አንድ የመጠን ስህተት ተዘረገፈ፤ ሁሉም በእሷ ስም፤ ሃምሳ ሰባቱ አጠገብ "ታርሟል"፣ አራቱ አጠገብ "አልታረመም" ይላል።