የተነቀለው ቆስጣ

ጥቅምት ስምንት፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የመጨረሻው መደብ ተነቀለ። ቀበሌው የላካቸው ሠራተኞች ቆስጣውን፣ ጎመኑን፣ ሰላጣውን ከነሥሩ እየጎተቱ መንገድ ዳር ከመሩት። ጤዛው ገና አልረገፈም። እኔና ባለቤቴ ስምንት ዓመት ያን ማሳ ስንኮተኩት እንደዚያን ቀን ያማረ ቆስጣ አላየንም።

"አትጭኑትም እንዴ?" አልኩት አለቃቸውን።

"መኪናው ሌላ ቦታ ነው ጋሼ። እኔ ንቀል ተባልኩ እንጂ ጠብቅ አልተባልኩም።" ቦት ጫማውን ድንጋይ ላይ ጠራርጎ ሄደ።

ገና ከመታጠፉ የሰፈሩ ሴቶች ዘንቢል ይዘው ደረሱ። ልብስ ሰፊውም ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሱቁን ትቶ መጣ።

ባለቤቴ ክምሩ ፊት ቆመች። "አትንኩት፤ ተመርምሮ መርዝ ተገኝቶበታል። ከወንዙ ላይኛው በኩል አሮጌ ባትሪ የሚያቀልጡት ሰዎች እጣቢ ነው ሲጠጣ የኖረው። የባትሪው እርሳስ ቅጠሉ ውስጥ ገብቷል።"

"እናጥበዋለና!" አለች አንዷ።

"ታጥቦ አይወጣም። ተቀቅሎም አይወጣም።"

"ስትሸጪልን ደህና የነበረ፣ በነፃ ሲሆን መርዝ ሆነ?" አለ ልብስ ሰፊው። ሰዉ ሳቀ። "የኛ ሆድ እንደሆነ ሚስማር ይፈጫል እቱ። ዞር በይልን ባክሽ።"

ክፉ ሰው አይደለም። ለልጃችን ለሚጣ የመጀመሪያ ዩኒፎርሟን የሰፋላት እሱ ነው፤ ስታድግ ይለቀቅላታል ብሎ ጠርዙን ሁለቴ አጥፎ።

እጆች በባለቤቴ ግራና ቀኝ እያለፉ ክምሩን ይመዙ ጀመር። ከአንዱ ዘንቢል ስታወጣ ሌላው ይሞላል። "ተይ፣ ይቅርብሽ" ብዬ ክንዷን ያዝኩ።

የሜካኒኩ ሚስት ትንሹን ልጇን አዝላ፣ እቅፍ ሙሉ ቆስጣ ይዛ ቀና አለች። "እትዬ፣ ምነው እንዲህ ሆድሽ ጨከነ? ለአፈር ከምትሰጪው ለኛ ብትሰጪን ምን አለበት?"

ሌላ ነገር አስባ አልነበረም። ባለቤቴ ግን ክንዷን ከእጄ አስለቀቀች።

"ሚጣን በምን የገደልኳት ይመስልሻል?"

ሳቁ ቆመ። እነዚሁ ሰዎች ለቅሶ መጥተው "ልጅቷን ምን አገኛት?" ብለው ሲጠይቋት አንድ ቃል አልመለሰችላቸውም ነበር።

"ሆዷን ቁርጥ ቁርጥ ያደርጋት ነበር። ፊቷ ገረጣ። ሐኪም ቤት ደሟ አንሷል፣ ቅጠላ ቅጠል አብሏት አሉን። እኛ ቤት ደግሞ ከቅጠል በቀር ምን አለ? ለእናንተ ጠንካራውን እየሸጥኩ፣ ለሷ ለጋ ለጋውን እቀጥፍላት ነበር። በቃኝ ስትል አፏን በግድ ከፍቼ። በባሰባት ቁጥር እየጨመርኩላት።"

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ዋጋ እንደምትናገር ነው የተናገረችው።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ካንገቱ አውርዶ ጣቱ ላይ ይጠቀልል፣ መልሶ ይፈታ ጀመር። አንዳንዶቹ ዘንቢላቸውን ገለበጡ። አንዳንዶቹ ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው እንደያዙ ሄዱ። እነሱን የከለከላቸው አልነበረም።

የሜካኒኩ ሚስት ካለችበት አልተነቃነቀችም። ከሥሩ የሚረግፈው አፈር ቀሚሷ ላይ ይወርዳል።

"እትዬ" አለች፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማት ጠጋ ብላ። "ሆዷን ስትይ... እንዴት ነበር የሚያደርጋት? ስታለቅስ እግሯን ወደ ሆዷ ትሰበስብ ነበር?"

ባለቤቴ ልጁን ከእናቱ ጀርባ ፈትታ ወሰደችና ፊቱን ወደ ፀሐይ አዞረችው። ሐኪሙ ሚጣን ሲያደርጋት እንዳየችው፣ የታችኛውን የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣቷ ዝቅ አድርጋ አየች። እኔም በትከሻዋ ላይ አየሁ። ውስጡ ደም የሌለው፣ ነጭ ነበር።

ቆስጣው ከሴትየዋ እቅፍ ወደቀ።

ልጁ አልሞተም። ዘንድሮ አምስት ዓመቱን ደፈነ። እስካሁን አፉን አልፈታም።