አራተኛው ኮምፒውተር

ድረ ገጹ የጠፋው ክረምቱ በገባ በሁለተኛው ሐሙስ ጠዋት ነው። ልብስ ሰፊዋ በየሐሙሱ እንደምታደርገው በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ ከፈተችው። ነጭ ሆኖ መጣ።

ገጹ የልጇ ነበር። የነደፈቻቸውን ቀሚሶች ታሳይበት ነበር። ልጅቷ ከአባቷ ተጣልታ ከቤት ከወጣች ሁለት ዓመት አልፏታል። ከዚያ ወዲህ ስልኳን ቀይራለች፤ ወላጆቿም ቤትና ስልክ ቀይረዋል። በመካከላቸው የቀረው ያ ገጽ ብቻ ነው። ከአምስት ወር በፊት ከአንዱ ቀሚስ ሥር «ደህና ነኝ» የሚል ተጽፎበት ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ባሏን ጠረጠረች። ባሏ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው። ልጅቷ የወጣች ቀን ፎቶዋን ከግድግዳ ላይ ያወረደው እሱ ነው። የት እንዳደረሰው እስከ ዛሬ አልታወቀም። የልጅቷ ስም ሲነሳ እሱም ይነሳና ይወጣል።

«አንተ ነህ ያስጠፋኸው» አለችው።

«እኔ የኢንተርኔት ነገር ምን አውቄ?»

«ክፋት ትምህርት አይፈልግም።»

ሻዩን ሳይጨርስ ቦርሳውን አንግቶ ወጣ።

ሰው ዝም በማሰኘት ብዛት «እሽሽ» የሚል ስም የወጣላት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነገሩን በቀላሉ አስረዳቻት። ገጾቹን በነጻ ያስቀምጥ የነበረው ድርጅት ተዘግቷል። የሺዎች ገጽ አብሮ ጠፍቷል። ልብስ ሰፊዋ ሰማች እንጂ አላመነችም።

በማግስቱ አንድ መጽሐፍ ተዋሰች። ድረ ገጽ በራስ ስለ መሥራት ነው። የመጨረሻውን ምዕራፍ አንዱ ገንጥሎ ወስዶታል፤ መጽሐፉ ገጽ 212 ላይ ያበቃል። ለእሷ የቀረው ራሱ የሚያልቅ አልመሰላትም። ዕድሜዋ ሃምሳ ሦስት ነው።

በየጠዋቱ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት አራተኛው ኮምፒውተር ተሰጣት። የኮምፒውተሩ ተጠቃሚዎች የሚፈርሙበት መዝገብ በየቀኑ አዲስ ገጽ ይገለጥለታል፤ የመጀመሪያዋ ፈራሚ እሷ ናት። ምን እንደምትሠራ ለማንም አልተናገረችም። እሽሽ ስታልፍ ስክሪኑን በሻርፗ ትጋርዳለች።

«የት ነው የምትውዪው?» አላት ባሏ አንድ ቀን ቁርስ ላይ።

«ቤተ መጻሕፍት። አራተኛው ኮምፒውተር ላይ። የልጄን ገጽ መልሼ እየሠራሁ ነው። ምን አገባህ?»

ምንም እንዳላገባው ሁሉ ዳቦውን ቆረሰ።

በገጹ ኮድ ውስጥ የከፈቱትን ምልክት አለመዝጋት ሰፍቶ ክሩን እንዳለመቋጠር መሆኑን በሁለተኛው ሳምንት ተረዳች። በሦስተኛው ሳምንት ገጹ በሙሉ ቀይ ሆነባት፤ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ዘጠኝ ቀን ፈጀባት። የስፌት ሱቋ ተበደለ።

«ቀሚሴስ?» አለቻት አንዷ ደንበኛ።

«ነገ።»

«ያንቺ ነገ ስንት ቀን ነው?»

በሰባተኛው ወር ገጹ ቆመ። ከአሥራ አራቱ ቀሚሶች አሥራ አንዱን ከትዝታዋ ስላ አስገባች። ሥራዋን ያኖረችበትን ማህደር በጠፋው ገጽ አድራሻ ሰየመችው። አድራሻ በሚጻፍበት ላይኛው መስመር ላይ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ስትጽፍ ማሽኑ የቀረውን ራሱ ሞላና ገጹ ተከፈተ። አዲሱ ስልክ ቁጥር አለ። ከሥሩ «ልጄ፣ ደውይልኝ» ይላል። የልጅቷ ፎቶ ስለሌላት ቦታው ባዶ ነው፤ በባዶው ሳጥን ውስጥ የሚታየው የፎቶው ፋይል ሊኖረው የሚገባው ስም ብቻ ነው። ታች፣ መጽሐፉ ገጽ 198 ላይ እንዳስተማራት፣ ገጹ በተከፈተ ቁጥር አንድ የሚጨምር ቆጣሪ አስገባች።

በሳምንቱ ቆጣሪው በቀን ሁለት ሁለት መጨመር ጀመረ። አንዱ የእሷ ነው።

«ሰው እየከፈተው ነው» አለች ቁርስ ላይ፣ ለግድግዳው እንጂ ለባሏ አይደለም።

«ቆጣሪ ያለ ሰው አይዞርም» አለ ባሏ። «ሃያ ስድስት ዓመት አንብቤያለሁ።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

እሁድ እሁድ ቆጣሪው የሚጨምረው የእሷን አንድ ብቻ ነው። ልጅቷ ዱሮም እሁድን በእንቅልፍ ነበር የምታሳልፈው።

ቆጣሪው በገባ በሁለተኛው ወር ባሏን ወገቡን ያዘውና ከሰኞ እስከ ሐሙስ ተኛ። ልብስ ሰፊዋ ሾርባውን አልጋው አጠገብ አስቀምጣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ትሮጣለች። በዚያው ሳምንት ቆጣሪው ከእሷ ሌላ የሚጨምርለት አጣ። የስፌት መርፌ ጣቷን በስቶ ወጣ። የሦስት ከተማ ሆስፒታሎች ዘንድ ደወለች፤ ከሆስፒታል ወደ ፖሊስ ጣቢያ ዞረች። በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም ተባለች።

«ሞታለች» አለችው ባሏን። «አንተ ነህ የገደልክብኝ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ቅዳሜ ጠዋት ስትከፍተው ቆጣሪው እንደገና ሁለት ጨምሮ አገኘችው። በተከታዩ ረቡዕ ደግሞ ባዶው ሳጥን ሞልቶ ጠበቃት። ልጅቷ በሰባት ዓመቷ በር ላይ ቆማ፣ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ትስቃለች። ታጥፎ እንደኖረ ወረቀት ፎቶውን መሃል ለመሃል መስመር ያቋርጠዋል። ልብስ ሰፊዋ ጮኸች።

«እሽሽ!» አለቻት ሠራተኛዋ።

«ልጄ ናት! ገጿን ከእሷ በቀር የሚያውቀው ማን አለ?»

ስልኩ ግን አልጮኸም። ሦስት ሳምንት ጠበቀች። በመጨረሻ ነገሩን ለእህቷ አወጣችላት፤ እህትየው በራሷ ስልክ አድራሻውን ጻፈች።

«አንቺ፣ ምንም የለውም እኮ። ነጭ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ሳትዘጋ ሮጠች። እሽሽ አራተኛው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ማህደሩን ከፍታ ዘጋች። መነጽሯንም አወለቀች።

«እህቴ፣ ይሄ ገጽ ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ አያውቅም። እንዴት እንደሚወጣ የተጻፈው በተገነጠለው ምዕራፍ ነበር። ያለው እዚህ ማሽን ውስጥ ብቻ ነው። እዚህ ወንበር ላይ ካልተቀመጠ በቀር ማንም አያየውም።»

«ቆጣሪውስ? ፎቶውስ?»

«እሱማ እዚሁ የተቀመጠ ሰው ነው። መዝገቡን እዪዋ።»

ልብስ ሰፊዋ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠች። ቆጣሪው ሁለት ሁለት መጨመር ከጀመረ ወዲህ፣ ከእሁድና ከሰኞ እስከ ሐሙስ ካሉ የአንድ ሳምንት አራት ቀናት በቀር በየገጹ፣ ከእሷ ፊርማ ሥር፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የባሏ ፊርማ አለ።